የድሮ ጌም ለምን አይረሳም? ለአንዲት የሐዋሳ እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ተወልጄ ያደግሁት ሐዋሳ፣ አረብ ሰፈር ነው። ልጅ ሳለሁ ከወንድሞቼ ጋር ቴሌቪዥን ላይ በሚሰካ ጌም ማሪዮ፣ ኮንትራና ዳክዬ ተኩስ እንጫወት ነበር። በኋላ ጎረቤት ቤት ፕሌይስቴሽን መጣና ቴከን ያዘን። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የማሪዮን የመጀመሪያ መንገድ ግን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ ልነግርዎ እችላለሁ። የ11 ዓመቱ ልጄ በስልክ የሚጭነውን ጌም በሳምንቱ ይሰርዘዋል፤ ስሙን እንኳ አያስታውስም። የተለዩት ጌሞቹ ናቸው ወይስ ልጅነቴ ነው የናፈቀኝ? አሮጌ ማጫወቻ ፈልጌ ላሳየው ብልስ ትርጉም ይኖረዋል?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ ልጅነትዎ አለበት፤ መካድ አይቻልም። ነገር ግን «የናፈቀሽ ልጅነትሽ ነው፤ ጌሙ ምንም የለውም» የሚል ሰው ቢገጥምዎ ግማሹን ብቻ እንደነገረዎ ይወቁ። እኔ ሐዋሳ ውስጥ ፕሮግራም መጻፍ አስተምራለሁ፤ ከዚያ በፊት የጌም ማጫወቻ ጠጋኝ ነበርሁ። ማሽኖቹን ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ ጌሞቹ የተጻፉበትንም መንገድ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የማምነው አንድ ነገር ነው፦ እነዚያ ጌሞች የማይረሱት ማሽኑ ደሃ ስለነበረ ነው። ሠሪዎቹ በዚያ ድህነት ውስጥ እያንዳንዱን ነገር ሁለትና ሦስት ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ነበረባቸው። የእኛ ከተማ ኑሮ ደግሞ የራሱን ጨመረበት፤ ወደዚያ እመጣለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የልጅነቱን ድርሻ አስቀድሜ ልስጠው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ስለ ሕይወታቸው ሲጠይቁ፣ በግምት ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ የሆነው ነገር ከሌላው ዘመን በልጦ እንደሚወጣ ደጋግመው አይተዋል። በዚያ ዕድሜ የሚመጣው ብዙው ነገር የመጀመሪያ ነው፤ የመጀመሪያ የሆነ ደግሞ ሥር ይሰዳል። ወንድሞችዎ አጠገብዎ ነበሩ፣ ተራ ይጠበቅ ነበር፣ የተሸነፈ ይነሣ ነበር። ይህ ሁሉ ከጌሙ ጋር አብሮ ተቀምጧል።

«ዓይኔን ጨፍኜ» ያሉት ግን ከናፍቆት የተለየ ነገር ነው። በ2000 ሮበርት ስቲክጎልድ የተባሉት የሃርቫርድ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ሰዎችን ቴትሪስ (ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን የሚያስደረድር ጌም) አጫውተው፣ እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል ምን እንደሚታያቸው ጠየቁ። ብዙዎቹ ቅርጾቹ ሲወርዱ እንደሚታያቸው ተናገሩ። ከተሳታፊዎቹ መካከል የአንጎል ጉዳት ደርሶባቸው አዲስ ነገር መያዝ የማይችሉ ሰዎችም ነበሩበት። ከእነርሱ ሦስቱ ጌሙን መጫወታቸውን ጭራሽ አያስታውሱም፤ ቅርጾቹ ሲወርዱ ግን አይተዋል። ጌም «ይህን አስታውሳለሁ» ብለን ከምናውቀው ቦታ በታች ይገባል ማለት ነው። ሰውየው መጫወቱን ረስቶ ጌሙ ግን አልረሳውም።

እንግዲህ ልጅነት ብቻ ከሆነ አንድ ነገር ያስረዱኝ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ቤት፣ ከእነዚያው ወንድሞችዎ ጋር የተጫወቷቸው ሌሎች ጌሞች የት ገቡ? ካሴቱ ላይ «9999 ጌም» የሚል ጽሑፍ እንደነበረ ያስታውሱ ይሆናል። ውስጡ የነበሩት ጥቂት ጌሞች እየተደጋገሙ ነው እንጂ ቁጥሩ እውነት አልነበረም። ከእነዚያ ጥቂቶች እንኳ ብዙዎቹ ዛሬ ስማቸውም መልካቸውም የለም። የቀሩት ማሪዮ፣ ኮንትራ፣ ዳክዬዋ ናቸው። ልጅነትዎ ለሁሉም እኩል ነበረ፤ ጌሞቹ ግን እኩል አልነበሩም።

ማሪዮን በደንብ እንየው፤ የጥያቄዎ መልስ ከሁሉ ይልቅ እሱ ውስጥ ነው ያለው። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የወጣው በ1985 ነው። የነደፉት ሺጌሩ ሚያሞቶና ታካሺ ቴዙካ፣ ዜማውን የደረሱት ኮጂ ኮንዶ ናቸው። የተሠራለት ማሽን በ1983 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ፋሚኮም ነው፤ እኛ ሰፈር በብዛት የገባው የዚያ ማሽን ቅጂ ነበር። ማሽኑ ለሥራ የሚጠቀምበት ማስታወሻ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። ጌሙ በሙሉ፣ ሥዕሉም፣ ዜማውም፣ 32ቱም መንገዶች፣ በ40 ኪሎባይት ውስጥ ተቀምጧል። ዛሬ በቴሌግራም የምንላላከው አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል።

በዚህ ጥበት ውስጥ ምን አደረጉ? ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ሥዕል ናቸው። ከላይ ሲሆን ነጭ፣ ከታች ሲሆን አረንጓዴ ተቀባ፤ ሌላ ልዩነት የለውም። ይህን ለተማሪዎቼ ሳሳይ ያላስተዋለ አይጠፋም፤ በልጅነቱ በየቀኑ ያየው ሰው እንኳ። አሁን እርስዎም ሄደው ቢያዩት ከዚያ በኋላ ደመናውን ያለ ቁጥቋጦው ማየት አይችሉም።

ወደ መጀመሪያው መንገድ እንሂድ። ማሪዮ በስክሪኑ ግራ በኩል ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ቆሟል። በስተቀኙ ባዶ ሜዳ አለ። ማንም «ወደ ቀኝ ሂዱ» አላለንም፤ ሄድን። ጥቂት እንደተራመድን ያቺ ቡናማ፣ ኮስታራ ጠላት ትመጣለች። ካልዘለልን እንሞታለን፤ የጠፋው ግን የጥቂት ሰከንድ መንገድ ስለሆነ አያናድድም። በሁለተኛው እንዘላለን። ከላይ የጥያቄ ምልክት ያለበትን ሳጥን በጭንቅላታችን ስንመታ ሳንቲም ይወጣል፤ ሳጥን መምታት ጥሩ ነገር መሆኑን ተማርን። ከሚቀጥለው ሳጥን ደግሞ እንጉዳይ ብቅ ይላል። እንጉዳዩ አሁን የገደለችንን ጠላት ስለሚመስል መሸሽ ያምረናል። እሱ ግን ወደ ቀኝ ይንሸራተትና ከቱቦው ጋር ተጋጭቶ ወደ እኛ ይመለሳል። ዘለን እናምልጥ ብንል ከላያችን የተደረደሩት ሳጥኖች ጭንቅላታችንን ይመልሱታል፤ እንጉዳዩ ላይ እንወድቃለን። ማሪዮ ያድጋል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ሚያሞቶ ራሳቸው እንደዚያ ታስቦ እንደተሠራ አስረድተዋል።

ወደ መንገዱ መጨረሻ አካባቢ ደረጃ ወጥተን ወደሌላ ደረጃ የምንዘልባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። በመጀመሪያው በደረጃዎቹ መካከል ጠንካራ መሬት ነው ያለው፤ ብንወድቅ ምንም አንሆንም። በሁለተኛው መካከሉ ገደል ነው። ልምምዱ ያለ ቅጣት፣ ከዚያ ፈተናው። እኔ ሰው ሳስተምር በዚህ ቅደም ተከተል ለመሥራት እጥራለሁ፤ እንደነርሱ ግን አንድ ቃል ሳልናገር ማስተማር አልቻልሁም። አንድ የአማርኛ ፊደል ሳይጻፍበት፣ እንግሊዝኛ የማያውቅ የአረብ ሰፈር ልጅ የጌሙን ሕግ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ተማረ። ለማብራሪያ የሚሆን ቦታ በካሴቱ ውስጥ አልነበረም፤ ስለዚህ መንገዱ ራሱ መምህር ሆነ።

አሁን የእኛን ከተማ ድርሻ ላምጣው። ማሪዮ የደረሱበትን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ሦስቱ ነፍስ አለቀ፣ ከመጀመሪያ። አባት ዜና ሊያዩ ቴሌቪዥኑን ወሰዱት፣ ከመጀመሪያ። መብራት ሄደ፣ ከመጀመሪያ። መብራት የሚሄድበት ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ ያንን የመጀመሪያ መንገድ ስንት ጊዜ እንደሄደበት ይገምቱት። ስምንተኛው ዓለም ደርሶ ልዕልቲቱን ያገኘ ከሰፈሩ አንድ ሁለት ልጅ ቢሆን ነው፤ የመጀመሪያውን መንገድ ግን ከታቦር ተራራ አቀበት ይልቅ እናውቀዋለን። በደንብ የታሰበበትን ነገር እየደጋገሙ ማየት ደግሞ ጥሩ የማስታወሻ መንገድ ነው። መጥፎ የተሠራ ቢሆን ኖሮ መደጋገሙ ያሰለቸን ነበር፤ አላሰለቸንም።

ስለ ዜማውም አንድ ነገር ልበል፤ ሲጠግኑ መዋል ጆሮን ያሠለጥናል። ፋሚኮም በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችለው አምስት ድምፅ ነው፤ ከእነርሱ ዜማ የሚያወጡት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ማሪዮ ሲዘል የምንሰማው ድምፅ እንኳ ከዜማው አንዱን መስመር ለቅጽበት ተበድሮ ነው የሚወጣው። ኮንዶ በመሣሪያ ብዛት ሊያስደምሙን አይችሉም ነበር፤ ዜማው ራቁቱን መቆም ነበረበት። የቀረው ጊዜ ከ100 ሲያንስ ያው ዜማ ይፈጥናል፤ ሰዓቱን ሳናይ ልባችን ይመታል። ቁጥሩን ማንበብ የማያውቅ ሕፃን ሁሉ መሮጥ እንዳለበት ይገባዋል።

ዳክዬ ተኩሱን ስለጠቀሱ ደስ ብሎኛል፤ ጠጋኝ በነበርሁበት ጊዜ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠይቀኝ እሱን ነበር። ዳክ ሀንት በ1984 የወጣ ነው። ሁላችንም ጠመንጃው ወደ ቴሌቪዥኑ አንድ ነገር የሚልክ ይመስለን ነበር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጠመንጃው የሚያይ ዓይን ነው፤ አፈሙዙ ውስጥ ብርሃን የሚለይ መሣሪያ አለ። ቃታውን ስንስብ ስክሪኑ ለአንድ ቅጽበት ጥቁር ይሆናል፤ ቀጥሎ ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ነጭ አራት ማዕዘን ይበራል። ጠመንጃው ከጥቁር ወደ ነጭ መለወጡን ካየ መታን ማለት ነው። ዳክዬዎቹ ሁለት ከሆኑ ነጩ ሣጥን በየተራ ይበራል፤ የትኛዋ እንደተመታች የሚታወቀው በቅደም ተከተሉ ነው። ቃታ ሲሳብ ስክሪኑ ብልጭ ሲል አይተው ከነበረ ያዩት ይህንኑ ነው። ያን ያህል ርካሽ በሆነ ዕቃ እንዲህ ያለ ብልሃት መሥራታቸው እስካሁን ያስደንቀኛል። ጀርባው ትልቅ በሆነው የድሮ ቴሌቪዥን ላይ ብቻ እንዲሠራ ሆኖ ስለተነደፈ ዛሬ ቢገዙት በፍላት ቴሌቪዥን ላይ አንዲትም ዳክዬ አይወድቅም። ገንዘብዎን አያባክኑበት።

ኮንትራን ከወንድሞችዎ ጋር ተጫውተው ከሆነ ፏፏቴው ያለበትን መንገድ አይረሱትም። ሁለቱ ተጫዋቾች ወደ ላይ እየዘለሉ ይወጣሉ፤ ስክሪኑ አንድ ስለሆነ የፈጠነው ሲወጣ የዘገየው ከታች ተቆርጦ ይሞታል። በዚህ ስንት ወንድማማች ተጣልቷል! ማሽኑ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ሁለት የተለያየ ቦታ ማሳየት ይከብደው ነበር። ከዚያ እጥረት የወጣው መጠባበቅን የሚጠይቅ ጌም ነው፤ «ቆይ፣ ቆይ፣ አትዝለል» መባባል የጌሙ አካል ሆነ። 30 ነፍስ የሚሰጠው ምሥጢርም አለ፦ ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። ይህን ያስገቡት ኮንትራን የሠራው የኮናሚ ኩባንያ ባልደረባ ካዙሂሳ ሃሺሞቶ ናቸው። በ1986 ግራዲየስ የተባለውን ጌም ለቤት ማጫወቻ ሲያዘጋጁ እየሞከሩ መጨረስ ስላቃታቸው ለራሳቸው ማቅለያ አበጁ፤ ጌሙ ሲወጣ ውስጡ ቀረ፤ ከዚያ ወደ ኮንትራ ተሻገረ። ኢንተርኔት ባልነበረበት ዘመን ከጃፓን ተነሥቶ በቃል ብቻ ሐዋሳ ድረስ መጣ። ለእኔ ያስተማረኝ በዕድሜ የሚበልጠኝ የሰፈር ልጅ ነው፤ ለእሱም ሌላ። እርስዎም ከማን እንደሰሙት ሳያስታውሱ አይቀሩም።

ቴከን የሌላ ዘመን ነው፤ ፕሌይስቴሽን በ1994 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ዓለሙ ሁሉ ተለወጠ። ቴከን 3 ለፕሌይስቴሽን የመጣው በ1998 ነው። ስለ እሱ የምለው አጭር ነው። የጆይስቲኩ አራት ቁልፎች አራት የሰውነት ክፍሎች ናቸው፦ ካሬው ግራ እጅ፣ ሦስት ማዕዘኑ ቀኝ እጅ፣ መስቀሉ ግራ እግር፣ ክቡ ቀኝ እግር። በብዙዎቹ ሌሎች የድብድብ ጌሞች ቁልፉ ቀላል ምት፣ ከባድ ምት እየተባለ ይከፈል ነበር፤ እዚህ ግን አካላችንን ነው የያዝነው። ኤዲ የተባለው የካፖይራ (የብራዚል የውጊያ ጭፈራ) ተጫዋች ደግሞ የእግር ቁልፎቹን ያለ ሥርዓት ለሚጫን ጀማሪ እንኳ ይታዘዛል። ከጎረቤት ልጆች ታናሿ ኤዲን ይዛ ጎረምሳውን ስትጥለው ያላየ የለም።

እርስዎ ያላነሡት፣ እኔ ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ የማይሆንልኝ አንድ ጌም አለ። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ዘመድ የነበረው ልጅ ያውቀዋል፦ ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ (የፋርስ ልዑል)። ጆርዳን ሜክነር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት አፕል 2 በተባለው ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ በ1989 አወጣው። ታናሽ ወንድሙን ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀርጾ፣ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ከፊልሙ ገልብጦ ነው ልዑሉን ያስኬደው፤ ለዚህ ነው ሩጫው የሰው ሩጫ የሚመስለው። ችግሩ ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ የኮምፒውተሩን ማስታወሻ ጨረሰው። ልዑሉ የሚታገለው ባላንጣ ያስፈልጋል፤ ባላንጣውን የሚያኖሩበት ቦታ ግን የለም። ታዲያ ምን አደረገ? የልዑሉን የራሱን ሥዕል ወስዶ፣ ጥቂት አንሸራትቶ ከራሱ ጋር አደባለቀውና የሚያንጸባርቅ ጥላ አወጣ። አዲስ ሥዕል አልጨመረም፤ ጠላቱ ልዑሉ ራሱ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ብልሃት የተወለደ ነው። ልዑሉ መስታወት ሰብሮ ሲያልፍ ጥላው በሌላው ወገን ዘሎ ይወጣል። በኋላ መድኃኒቱን ይጠጣበታል፤ በሩን ይዘጋበታል። በመጨረሻ ሰይፍ ተማዘው ሲገናኙ፣ ጥላውን የወጋ ልጅ የራሱ ነፍስ ሲቀንስ ያያል። መፍትሔው ሰይፉን ወደ ሰገባው መልሶ ወደ ጥላው መራመድ ነው፤ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። በልጅነቴ ይህን ያሳየኝ ሰው አልነበረም፤ ሰይፌን ያስገባሁት ተስፋ ቆርጬ ነው። እጄ ላይ የቀረው ስሜት ዛሬም አለ። በቂ ማስታወሻ ያለው ኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ ሜክነር ምናልባት ሌላ ወታደር ይሥል ነበር፤ እኛም በረሳነው ነበር።

ቴትሪስም ከዚሁ ወገን ነው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ውስጥ ሲሠራው በእጁ የነበረው ኮምፒውተር ሥዕል ማሳየት ጭራሽ የማይችል ኤሌክትሮኒካ 60 ነበር፤ ቅርጾቹን በጽሕፈት ምልክቶች እየደረደረ አበጃቸው። ከአራት ካሬ የሚሠሩ ሰባት ቅርጾች፣ ሌላ ምንም የለም።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል፣ ድሮ የተሠራ ሁሉ ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። በ1982 አታሪ የተባለው የጌም ኩባንያ ለገና ገበያ ለማድረስ ኢ.ቲ. የተባለውን ጌም በአንድ ሰው እጅ በአምስት ሳምንት ገደማ አሠርቶ አወጣ። ተጫዋቹ ጉድጓድ ውስጥ እየወደቀ ይሰቃይ ነበር። ያልተሸጠው ካሴት ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በተባለ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ተቀበረ፤ በ2014 ተቆፍሮ ወጥቷል። እጥረት ብቻውን ጥሩ ጌም አይወልድም። እጥረቱን ለማሰብ ጊዜና ትዕግሥት ያገኘ ሰው ሲይዘው ነው የሚወልደው።

ወደ ልጅዎ ልምጣ። በስልኩ ላይ የሚጭናቸው በነፃ የሚገኙ ጌሞች አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የሚያገኙት ከማስታወቂያና በየመሐሉ ከሚሸጡት ትናንሽ ዕቃ ነው። ለሠሪው የሚጠቅመው ልጁ ጌሙን መቻሉ ሳይሆን ደጋግሞ መክፈቱ ነው። ስለዚህ መሞት አይጎዳም፣ ማሸነፍም ብዙ አያስደስትም፣ በየጥቂቱ ሽልማት ይበተናል፤ ልጁ የተማረው ነገር የለም። ያልተማረውን ምን ብሎ ያስታውሰው? አንዱን ሰርዞ ሌላውን ሲጭን የሚያጣው ነገር ስለሌለ ነው። ልጅዎ ትኩረት ስለሌለው አይደለም፤ እንዲህ ብለው አይውቀሱት። ማይንክራፍትን የሚወድ ልጅ ቢያጋጥምዎ ለወራት አንድ ቤት ሲገነባ ያያሉ። እሱ በ2011 ነው የወጣው፤ ከ300 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ዘመን የሚሻገር ጌም ዛሬም ይሠራል።

እንግዲህ አሮጌ ማጫወቻ ትርጉም ይኖረዋል ወይ? ይኖረዋል፤ ጌሙን ሰጥተውት ወደ ጓዳ ከገቡ ግን አይሆንም። የልጅነትዎ ግማሽ አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ነበር። ሁለት ጆይስቲክ ያለው ይግዙ፤ ሁለት ልጆች አሉዎት። አንድ ጌም ብቻ ያሳዩ፤ 9999 ያለበትን ካሴት በመጀመሪያው ቀን አይክፈቱላቸው። በማሪዮ ይጀምሩ። ያቺ ቡናማ ጠላት ስትገድለው «ዝለል!» እንዳይሉት፤ ይህን ለመናገር እንደሚቸኩሉ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ይሙት። እንዴት እንደሚዘል ራሱ ሲደርስበት የሚያገኘውን ነገር እርስዎ በቃል ሊሰጡት አይችሉም። ሥዕሉ ደብዛዛ ነው ብሎ ቢስቅም አይከፉ፤ አሥር ደቂቃ ይስጡት።

የቴሌቪዥኑ ነገር ከምታስቡት በላይ ወሳኝ ነው። ማሪዮ በሰከንድ 60 ጊዜ ሥዕሉን ይለውጣል፤ የድሮው ቴሌቪዥን የመጣለትን ወዲያው ያሳይ ነበር። ፍላት ቴሌቪዥን ግን ምስሉን አሳምሮ ለማሳየት ሲል ጥቂት ያዘገየዋል። ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ ማሪዮ ዘግይቶ ሲዘል ልጅዎ «ይህ ጌም አይሠራም» ይላል፤ እርስዎም «እጄ አረጀ» ብለው ያዝናሉ። እጅዎ አላረጀም። በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚል ምርጫ ካለ ያብሩት፤ ማሳመሩን ስለሚተው መዘግየቱ በብዙ ይቀንሳል። ዘመድ ቤት ጥግ ላይ የተቀመጠ የድሮ ቴሌቪዥን ካገኙ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

የካሴቱን ጌም ካገኙ፣ አልሠራ ሲል እንደ ልጅነታችን በአፍዎ አይንፉበት። ትንፋሽ እርጥበት አለው፤ የካሴቱን የመዳብ ጥርሶች እየቆየ ያዝጋቸዋል። በንጹሕ አልኮል የረጠበ ጥጥ በቀስታ ያሹት፣ እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይሰኩት። አዳፕተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት አያገናኙት፤ ለፍሪጅ የሚጠቀሙበት ስታቢላይዘር ካለ ከእሱ ጋር ያድርጉት። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ነው ብዙ ማጫወቻ ይዞ ወደ እኔ ያመጣው የነበረው።

ለቴከን ፕሌይስቴሽን ከፈለጉ ከግራጫውና ከትልቁ ይልቅ በ2000 የወጣውን ትንሹንና ነጩን ይምረጡ። በመጀመሪያዎቹ ግራጫ ማጫወቻዎች ላይ ሲዲውን የሚያነበው ሌዘር የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ ከኃይል ማቅረቢያው አጠገብ ነበር። ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያበላሸዋል፣ ሌዘሩ ያዘነብላል፣ ሲዲው ይንተባተባል። ማጫወቻውን ገልብጠው በጀርባው የሚያጫውቱ ሰዎች ያዩ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሲገለበጥ ሌዘሩ ወደ ሲዲው በመጠኑ ይስተካከልለታል። በትንሹ ላይ ኃይል ማቅረቢያው ከውጭ ስለሆነ ይህ ችግር እምብዛም አይታይም። ሚሞሪ ካርድ (ጌሙ የደረሱበትን የሚያስቀምጥበት) አብሮ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ 128 ኪሎባይት ነው የሚይዘው፣ ለቤት በቂ ነው። ካርዱ ላይ እየጻፈ ሳለ ማጫወቻውን እንዳያጠፉ ልጆቹን ያስጠንቅቁ። ከሁሉ በላይ ግን ዋጋውን ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ፊት ከሃያ ደቂቃ ያላነሰ ያጫውቱት። የተበላሸ ሌዘር ሲቀዘቅዝ ደኅና ይሠራል፤ ጉዱ የሚወጣው ማጫወቻው ሲሞቅ ነው።